ኦርኬስትራ ለፍቅር ኮሜዲ አይከብድም፦ በማጀቢያ ሙዚቃ ላይ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ለሮማንቲክ ኮሜዲ ፊልም በኦርኬስትራ ማጀቢያ ሙዚቃ ማሠራት ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው ሲል ይደመድማል። ጸሐፊው ለድምዳሜያቸው አምስት ምክንያቶችን አቅርበዋል፦ ኦርኬስትራ የጦርነትና የታሪክ ፊልም ድምፅ ስለሆነ ቀለል ያለውን የፍቅር ጨዋታ ያከብደዋል፤ የኮሜዲ ሙዚቃ ራሱ ማሳቅ ስላለበት የተዋናዩን እንቅስቃሴ እግር በእግር መከተል ይኖርበታል፤ ተመልካች ከሲኒማ ቤት ይዞት የሚወጣው ዘፈን እንጂ ግጥም አልባ ሙዚቃ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ተመልካች ጆሮ ኦርኬስትራ አልለመደም፤ በመጨረሻም ኪቦርድ ያንኑ ሥራ በጥቂት ወጪ ይሠራል። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ስለ ማጀቢያ ሙዚቃ በአማርኛ በቁም ነገር የሚጽፍ ሰው መገኘቱም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ድምዳሜው የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራቸውን ገና የሚጀምሩ አዘጋጆችም እንደ መመሪያ ሊይዙት ስለሚችሉ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ስህተት የሚመነጨው ኦርኬስትራን ከድምፁ ጉልበት ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ጥሩምባው፣ ትሮምቦኑና ከበሮው በአንድነት ሲነሡ የሚሰማው ኃይል የኦርኬስትራ አንድ ገጽታ ነው። አንድ ክላሪኔት ብቻውን ዜማውን ሲያወጣ፣ ከሥሩም ጥቂት ቫዮሊኖችና ቼሎዎች ደጋናቸውን ገመዱ ላይ አሳርፈው በስሱ ሲያጅቡት፣ ያም ኦርኬስትራ ነው። ጸሐፊው ለክብደቱ በምሳሌነት ያነሡት በ1977 በለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተቀዳውን የ«ስታር ዋርስ» ማጀቢያ ነው። የዚያ ሙዚቃ ደራሲ ጆን ዊሊያምስ ግን በ1995 «ሳብሪና» ለተባለው የፍቅር ኮሜዲ ሲሠራ ዜማውን ለፒያኖ ሰጥቶ ኦርኬስትራውን ከኋላ አቆመው፤ ሥራውም ለኦስካር ታጭቷል። ሰውየው ያው ነው፣ የሚጽፍላቸው መሣሪያዎችም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ትዕይንቱ የሚጠይቀው ነገር ብቻ ነው።

እንዲያውም የኦስካር ሽልማትን የሚሰጠው አካዳሚ ከ1995 እስከ 1998 ለወጡ ፊልሞች የድራማን ማጀቢያ ከሙዚቃዊና ከኮሜዲ ፊልሞች ማጀቢያ ለይቶ ይሸልም ነበር። በኮሜዲው ዘርፍ ለማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት የሙዚቃ ደራሲ እንግሊዛዊቷ ሬቸል ፖርትማን ስትሆን፣ ያሸነፈችውም ከጄን ኦስተን ልቦለድ በተወሰደው በ1996ቱ «ኤማ» ነው። ፊልሙ ሌሎችን ለማጋባት ስትደክም የገዛ ልቧን ፍላጎት ሳታውቅ ስለምትቀር ወጣት ይተርካል። የፖርትማን ሙዚቃ በክር መሣሪያዎች፣ በክላሪኔት፣ በፍሉትና በሃርፕ ላይ ያረፈ ነው፤ ልጅቱ በራስዋ ብልሃት ስትመጻደቅ እንኳ ሙዚቃው አይነቅፋትም፣ አይከብዳትምም። የጸሐፊውን የመጀመሪያ ነጥብ ለማስተባበል ይህ አንድ ሥራ ብቻውን የሚበቃ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የሚበልጠው ነውና ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ። ጸሐፊው የኮሜዲ ሙዚቃ ተዋናዩ ሲደናቀፍ አብሮ እንዲደናቀፍ፣ ሲደነግጥ አብሮ እንዲደነግጥ፣ ደረጃ ሲወርድም አብሮት እንዲወርድ ይፈልጋሉ። አሠራሩ በካርቱን ፊልሞች የታወቀ ነው፤ በዚያም ቦታ አለው። የፍቅር ኮሜዲ ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚያካሂድ የፊልም ዓይነት ነው፤ ሰዎቹ ያስቁናል፣ ፍቅራቸው ግን የምር ነው። ቀልዱን ተዋናዮቹና ምልልሱ ከያዙት፣ ፍቅሩን ሳይስቅ የሚይዝ ሌላ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል ሙዚቃው ነው። ሙዚቃውም አብሮ ከሳቀ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች በእውነት እንደሚፈላለጉ የሚነግረን አይኖርም።

ይህንን ከማንም በፊት አጥርቶ የተረዳው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በ1931 የወጣው «ሲቲ ላይትስ» የተሰኘው ፊልሙ ንግግር አልባ የፍቅር ኮሜዲ መሆኑን ከርዕሱ ሥር ባሰፈረው ጽሑፍ ራሱ አውጇል። የድምፅ ፊልም ገበያውን በተቆጣጠረበት በዚያ ዘመን ቻፕሊን ተዋናዮቹን ሳያናግር፣ የፊልሙን ሙዚቃ ግን ራሱ ደርሶ ከሥዕሉ ጋር አስቀዳው። ኖታ መጻፍ ስለማይችል ዜማዎቹን እያንጎራጎረና በመሣሪያ እየሞከረ ሲያወጣ አርተር ጆንስተን በኖታ ያሰፍርለት ነበር፤ ኦርኬስትራውን የመራውም አልፍሬድ ኒውማን ነው። ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ አቀናባሪዎች ሙዚቃው አስቂኝ እንዲሆን ይፈልጉ እንደነበርና እርሱ ግን ሙዚቃው ከቀልዱ ጋር እንዲፎካከር እንዳልፈቀደ፣ ከዚያ ይልቅ ራሱ ለሚጫወተው ለመንገደኛው ገጸ ባሕርይ ተቃራኒ የሆነ፣ ጨዋና የፍቅር ስሜት ያለው ሙዚቃ ይጽፍ እንደነበር ያስረዳል። የጸሐፊው ምክር ከዘጠና ዓመታት በፊት ቻፕሊን ሰምቶ ያልተቀበለው ምክር ነው ማለት ነው።

ውጤቱን በአንድ ትዕይንት እንየው። ቤትም ሥራም የሌለው መንገደኛ አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ልጅ ያያል፤ እርሷ የመኪና በር ሲዘጋ ስለሰማች ሀብታም ሰው አበባ የገዛት ይመስላታል። መንገደኛው ዓይነ ስውር መሆኗን ከተረዳ በኋላ ጥግ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይመለከታታል። ልጅቷ ሰው መኖሩን ሳታውቅ የአበባ ማስቀመጫዋን አጥባ ውሃውን ስትደፋ፣ ውሃው በቀጥታ ፊቱ ላይ ያርፋል። እንስቃለን። የዚህች ልጅ መታወቂያ ሆኖ የሚሰማው ዜማ ግን የስፔኑ ሆሴ ፓዲያ የደረሰው «ላ ቪዮሌቴራ» የተባለ የአበባ ሻጭ ዘፈን ሲሆን፣ በክር መሣሪያዎች ሲወጣ የቀልድ ጠባይ ፈጽሞ የለበትም። ዓይናችን የሚያስቀውን ሲያይ ጆሯችን ይህ ሰው ልቡ እንደ ተነካ ይሰማል። ኦርኬስትራው ውሃው በተደፋ ቁጥር በከበሮና በፉጨት አብሮ ቢጮህ ኖሮ የምናየው አንድ የረጠበ ሰው ብቻ በሆነ ነበር። ፓዲያ ዜማው ያለ ስሙ በመወሰዱ ከሶ መርታቱንም መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ቻፕሊንን ማድነቅ የሌላውን ደራሲ ድካም ማስረሳት የለበትም።

የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ ነገሩን ከዚህም በላይ ያጠራዋል። ልጅቷ በመንገደኛው ገንዘብ ታክማ ዓይኗ በርቷል፣ የአበባ ሱቅም ከፍታለች፤ እርሱ ከእስር ወጥቶ ልብሱ ተቀዳዶ በመስኮቱ በኩል ሲያያት ትስቅበታለች። ከዚያ አበባና ሳንቲም ልትሰጠው ወጥታ እጁን ስትይዝ፣ ያን ሀብታም መስሏት የኖረውን ሰው በመዳሰስ ታውቀዋለች። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ልጅቷ ሳቅ ላይ እያለች ኦርኬስትራው ከእርሷ ጋር አይስቅም፤ እርሷ ገና የማታውቀውን እኛ የምናውቀው ሙዚቃው ስለያዘልን ነው። ይህ ፊልም ዛሬም በኮንሰርት አዳራሾች በሕያው ኦርኬስትራ ታጅቦ ይታያል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ፣ እንዲህ ከሆነ ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ማለት ነው ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ግንኙነቱ ጥብቅ ነው፤ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል፤ አንድ የሙዚቃ ምት በየ12 ፍሬሙ እንዲወድቅ ከተደረገ ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ይሆናል፣ በየ16 ፍሬሙ ከሆነ ደግሞ 90 ይሆናል። ሙዚቀኞች ይህንን ምት በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ሲጫወቱ ሙዚቃው ከተፈለገው ፍሬም ላይ ሳይዛነፍ ያርፋል። ሌላው መንገድ ከላይ በጠቀስኩት በአልፍሬድ ኒውማን ስም የሚጠራው ዘዴ ነው፤ በፊልሙ ላይ የተሠመረ መስመር በስክሪኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያልፍ የኦርኬስትራው መሪ እያየ፣ መሃሉን እንደ ስሜቱ እያፈጠነና እያዘገመ፣ ወሳኙ ቅጽበት ላይ ግን በሰዓቱ ይደርሳል። ለፍቅር ትዕይንት የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የሚወደውን ነገር ለመናገር የሚያመነታ ሰው በእኩል ምት አይተነፍስምና። ስለዚህ ጥያቄው ሙዚቃው ሥዕሉን ይከተል ወይስ አይከተል የሚል አይደለም። የሚከተለው የተዋናዩን እግር ነው ወይስ የልቡን ሁኔታ፣ እርሱ ነው መለየት ያለበት።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ያላነሡት፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ቀልድን የሚገድል ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሙዚቃን የት ማቆም እንደሚገባ ነው። ቀልድ በአብዛኛው ግቡን የሚመታው በጸጥታ ውስጥ ነው። ጥሩ የማጀቢያ ደራሲ ከአዘጋጁ ጋር ተቀምጦ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያየ ሙዚቃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ ይለያል፤ ብዙ ጊዜም ሙዚቃው ከቀልዱ አንድ ትንፋሽ ቀድሞ ይቆምና ተዋናዩን ብቻውን ይተወዋል። ምልልስ በሚበዛበት ትዕይንት ደግሞ የትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሴት ተዋናይ እየተናገረች በድምፅዋ ከፍታ ላይ ኦቦ ወይም ክላሪኔት ዜማ ቢያወጣ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ አዋቂ ደራሲ ቫዮሊኖቹን ከድምፅዋ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ቼሎዎቹን ከበታቿ ዝቅ አድርጎ መሃሉን ለንግግሩ ይለቅላታል። ቫዮሊን በደጋን ሳይሆን በጣት እየተቆነጠረ፣ ባሱን የተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ከሥር እያጉረመረመ «አሁን ሳቁ» የሚለው የተለመደ አሠራር የሚሰለቸውም መሣሪያዎቹ ስለከበዱ አይደለም፤ ተመልካቹ ራሱ ሊያገኘው የሚችለውን ሳቅ ቀድሞ ስለሚወስድበት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ዘፈንን የሚመለከት ነው። የፍቅር ኮሜዲ ብዙ ተወዳጅ ዘፈኖችን ማፍራቱ እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ዘፈንና ኦርኬስትራ የሚቃረኑ ነገሮች ተደርገው መቅረባቸው ውሃ አይቋጥርም። ጸሐፊው ራሳቸው የጠቀሱትን የ1961ዱን «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» እንውሰድ። ሄንሪ ማንቺኒ «ሙን ሪቨር»ን የጻፈው ለመሪ ተዋናይዋ ለኦድሪ ሄፕበርን ድምፅ እንዲመች አድርጎ ነው፤ ዘፋኝ ባለመሆኗ ዜማው ከአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከስምንት ተከታታይ ድምፆች ስፋት፣ እምብዛም አያልፍም። ግጥሙ የጆኒ መርሰር ነው። እርሷ ዘፈኑን መስኮቷ ላይ ተቀምጣ፣ ጊታር ይዛ የምትዘፍነው በአንድ ትዕይንት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ዜማው በአብዛኛው የሚኖረው በኦርኬስትራው ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲከፈት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በባዶው ጎዳና ላይ ከታክሲ ወርዳ የጌጣጌጡን መደብር መስኮት እያየች ቁርሷን ስትበላ፣ ዜማው በሃርሞኒካ ጀምሮ ወደ ክር መሣሪያዎች ያልፋል፤ ገና አንድም ቃል ሳትናገር ብቸኝነቷን ያወቅነው በዚያ ነው። በፊልሙ መጨረሻ በዝናብ ውስጥም ተመልሶ የሚመጣው ያው ዜማ ነው። ማንቺኒ በዚህ ፊልም ሁለት ኦስካር ተቀብሏል፤ አንዱ ለዘፈኑ ከመርሰር ጋር፣ ሌላው ለማጀቢያ ሙዚቃው። ተመልካቹ ዘፈኑን ይዞት ወጣ መባሉ ልክ ነው፤ በልቡ ያስቀመጠለት ግን ደጋግሞ ያለ ቃል ያሰማው ኦርኬስትራ ነው። በ1989ኙ «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ላይም ሃሪ ኮኒክ ጁኒየር ከተጫወታቸው የቆዩ የፍቅር ዘፈኖች በርካታዎቹ የቀረቡት በትልቅ ባንድ ታጅበው ነው፤ ያ ቅንብር ከሥራቸው ቢነሣ ምን ያህል እንደሚቀሩ ጸሐፊው ያስቡበት።

አራተኛው ነጥብ፣ የእኛ ጆሮ ኦርኬስትራ አልለመደም የሚለው፣ በጣም ያሳዘነኝ ነው፤ የራሳችንን የሙዚቃ ታሪክ የሚሽር ነውና። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሠለጠኗቸው ሙዚቀኞች የአዲስ አበባን ጆሮ ለምን እንዳዘጋጁት የሚጠፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ተመልካች ቲያትርንና ኦርኬስትራን በአንድ አዳራሽ ሲያይና ሲሰማ ኖሯል። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ስለ ፍቅር ሲዘፍን ከኋላው ያሉት ሳክስፎኖችና ጥሩምባዎች በኖታ የተቀናበሩ ነበሩ። እነዚህ ቡድኖች በአብዛኛው በትንፋሽ መሣሪያዎች ላይ የተመሠረቱ እንጂ ሙሉ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ብዙ መሣሪያ በቅንብር ተባብሮ ፍቅርን ሲናገር መስማት ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ቃል አልባ ሙዚቃችን የፍቅር ኮሜዲን መሸከም ይችል እንደሆነ ለሚጠራጠር ደግሞ የጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» መልስ አለው። ቢል መሪ የሚጫወተው ያረጀ ወንደላጤ የቀድሞ ፍቅረኞቹን አንድ በአንድ ፍለጋ ሲወጣ፣ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን ለመንገድ የሚሆን ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሰውየው መኪናውን እየነዳ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ነው። የሙላቱ ቡድን ኦርኬስትራ አይደለም። ሆኖም ፊቱ ላይ አንዳች ስሜት የማይነበበውን፣ በዚህም የሚያስቀንን ያን ሰው በውስጡ የሚብላላ ነገር እንዳለ የሚነግረን በእኛው ቅኝት የተሠራ ግጥም አልባ ሙዚቃ ነው። ሥዕሉ ሲያስቅ ሙዚቃው ቁም ነገሩን መያዙ ቻፕሊን ካደረገው አይለይም።

ወደ ወጪው ጉዳይ ስመጣ፣ ጸሐፊው በከፊል ትክክል መሆናቸውን እቀበላለሁ። ስልሳ ሙዚቀኛ ሰብስቦ መቅዳት ለአንድ የአማርኛ ፊልም ፕሮዲውሰር የሚቻል አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም። ኪቦርድ ያንኑ ሥራ ይሠራል የሚለውን ግን አልቀበልም። የኪቦርድ ቁልፍ ድምፁን በተወሰነ ቦታ ላይ ይሰጣል፤ ቫዮሊን ግን ጣት በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄድበት መሣሪያ በመሆኑ ማሲንቆ የሚያለቅስበትን መንገድ መከተል ይችላል። ትዝታን ወይም አምባሰልን በኪቦርድና በቫዮሊን አስጫውቶ ማወዳደር ነው። ለእኛ ቅኝት ባዕድ የሆነው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ይለያል። ክላሪኔትም እንዲሁ የተጫዋቹ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሲረዝምና ሲሳሳ ይሰማበታል፤ የፍቅር ትዕይንት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ያንን ነው።

ስለዚህ ለአዘጋጆች የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለዘጠና ደቂቃ ፊልም ዘጠና ደቂቃ ሙዚቃ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የኪቦርድ ዜማ የሚያንጠባጥቡ ፊልሞች ተመልካቹን የሚያደነዝዙት ሙዚቃ ስለጎደላቸው ሳይሆን ስለበዛባቸው ነው። ሙዚቃው ወደ ሠላሳ ደቂቃ ቢወርድ ለቀረጻው የሚያስፈልገው ገንዘብ አብሮ ይወርዳል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎና አንድ ክላሪኔት፣ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ባለሙያዎች በስቱዲዮ ውስጥ መስመሮቹን ደራርበው ቢቀዱ ሰፋ ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ከሥር የሚቀረውን በኮምፒውተር ድምፆች መሙላት ይቻላል፣ ዜማውን የሚያወጣው መሣሪያ ሕያው እስከ ሆነ ድረስ። የሙዚቃ ደራሲውም ፊልሙ ተቆርጦና ተለጥፎ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሳምንት ከሚጠራ ይልቅ ጽሑፉ ገና ሲነበብ ቢጠራ ዜማውን ለማብሰል ጊዜ ያገኛል። ገንዘቡ ለአንድ ትዕይንት ብቻ የሚበቃ ከሆነም፣ ለመክፈቻው ወይም ለመዝጊያው መሆን የለበትም፤ ሲቀላለዱ የቆዩት ሁለቱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱን ትተው ለሚተያዩበት ትዕይንት ይሁን።